ባቡር የሚተወው ሰፈር፦ ጎጃም ስለ ሐዲድ ሲያወራ የሚዘነጋው

የአገሪቱ የባቡር መረብ ካርታ በማኅበራዊ ሚዲያ በተዘዋወረ ቁጥር ከደጀን እስከ ባሕር ዳር አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። አንዱ «ባቡሩ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ይገባል» ይላል። ሌላው «እሱ ነገር ድሮ ቀርቷል» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስተኛው መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ሳይጠይቅ የመሬት ዋጋ ማስላት ይጀምራል።

ክርክሩ ይመጣል አይመጣም ከሚለው አያልፍም። ባቡር ከገባ በኋላ ግን በሐዲዱ ዙሪያ የራሱ የሆነ ኑሮ ይበቅላል። ባቡር ረጅም ዕድሜ ባገኘባቸው አገሮች ከጣቢያው አጠገብ የሚኖሩ፣ በጡረታ ዘመናቸውም ከሞተሩ ድምፅ የማይርቁ ሠራተኞች አሉ። ሠርተውበት የማያውቁ፣ ባቡር ማየትና ማወቅ ብቻ የሚያስደስታቸው ወዳጆችም አሉ። ለጎጃም አንባቢ ይህ የሌላ ሰው ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ጠጋ ብለን ካየነው ግን ያ ኑሮ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ጣቢያው የት እንደሚሆን፣ ጋራዡ የት እንደሚተከል፣ ጥገናውን ማን እንደሚሠራ ገና በወረቀት ላይ ሲወሰን አብሮ ይወሰናል። ጎጃም ደግሞ አሁን ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

ካርታው ምን ይላል?

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የወጣው ብሔራዊ የባቡር መረብ ስምንት መስመሮች ነበሩት፤ ጠቅላላ ርዝመታቸውም ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ከእነዚህ ጎጃምን የሚነካው አንዱ ነው። ከፍኖተ ሰላም ይነሳል፤ በባሕር ዳርና በወረታ አልፎ ወልድያ ይደርሳል፤ ከዚያ በሰመራ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ድንበር ይወርዳል። ከወረታ የሚገነጠል ሌላ መስመር ደግሞ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ ይሄዳል።

መስመሩ ጎጃምን የሚያገናኘው ከወደብ ጋር እንጂ ከአዲስ አበባ ጋር አይደለም። ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና እና ሞጣ ከመስመሩ ውጭ ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ስለ ባቡር የሚወራው ብዙው ወሬ እንግዲህ ካርታው ላይ የሌለ መስመር ነው።

«ተሰርዟል» የሚለውም በትክክል የሚገልጸው አይደለም። መስመሩ በዕቅድ ደረጃ የቆየና በቅደም ተከተል ወደ ኋላ የቀረ ነው። ፍኖተ ሰላም የሚደርስ ባቡር መጀመሪያ ወልድያ ላይ የሚያገኘው ሐዲድ ሊኖር ይገባል። ወደ ወልድያ የሚወስደውን የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ያፒ መርኬዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. መሥራት ጀመረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላም መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አለፉ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ስንጨምርበት፣ የቅየሳ ባለሙያ እንኳ እንደ ልቡ የማይንቀሳቀስበት አካባቢ ትልቅ የሐዲድ ሥራ በቅርቡ ይጀመራል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ባቡሩ በዓባይ በረሃ ለምን አይመጣም?

ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ ድልድይ የሚደርስ መኪና ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጭነት መኪና በአነስተኛ ማርሽ እያቃሰተም ቢሆን ይወጣዋል። ባቡር ግን አይችልም።

ምክንያቱ ያለው በመንኮራኩሩ ላይ ነው። የባቡር መንኮራኩር ብረት ነው፤ የሚሽከረከረውም በብረት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰበቃ እጅግ ትንሽ በመሆኑ አንድ ሞተር በሜዳ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቶን በቀላሉ ይጎትታል። ለሜዳ በረከት የሆነው ይኸው ነገር ዳገት ላይ መከራ ይሆናል፤ መንኮራኩሩ ያዳልጠዋል፤ ቁልቁለት ላይም ፍሬን ለመያዝ ይቸገራል። በዚህ የተነሳ የከባድ ጭነት ሐዲድ ሲነደፍ የዳገቱ መጠን ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ይጣራል፤ ማለትም 100 ሜትር በተጓዘ ቁጥር ከ2 ሜትር በላይ እንዳይወጣ። የዓባይን ገደል በዚህ ስሌት እንየው። 1,300 ሜትር ለመውረድ ቢያንስ 65 ኪሎ ሜትር፣ ለመውጣትም ሌላ 65 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። በ40 ኪሎ ሜትር የሚያልቀው የመኪና መንገድ ለባቡር ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ነው፤ ያውም በዋሻና በረጃጅም ድልድዮች። ሊሠራ አይችልም ማለት አይደለም፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ግን ከሌላ አቅጣጫ መምጣትን ያስመርጣል።

የምሥራቁ አቅጣጫም ሜዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚወርደውን የደልብ ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ልዩነቱ በዚያ በኩል ከፍታው አንድ ጊዜ ብቻ የሚወረድ መሆኑ ነው። በዓባይ በኩል ወርዶ እንደገና መውጣት አለ፤ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ወደ ባሕር ሌላ ቁልቁለት ይጠብቃል።

ባቡር ከተራራ ጋር ሲጋጠም ዞሮ የሚሄድ ፍጥረት መሆኑ ለጎጃም ብቻ የወጣ ሕግ አይደለም። አገሪቱ ውስጥ የታወቀችው የባቡር ከተማ የተወለደችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ድሬዳዋ፦ ሐዲድ ሰፈር የሚሠራው እንዴት ነው?

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሥራውን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሲሰጡ የመጀመሪያው መዳረሻ ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ግን በተራራ ላይ ናት፤ ሐዲዱን እስከዚያ ማውጣት ውድ ሆነ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ሲደርስ እዚያው አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ድሬዳዋ ይህች ናት። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀ። ሙሉ መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

የድሬዳዋን ልዩነት የፈጠረው ባቡሩ በከተማዋ ማለፉ ብቻ አይደለም። ሞጆም፣ አዋሽም፣ መተሐራም ባቡር አልፎባቸዋል። ድሬዳዋ ላይ ግን ዋናው የጥገና ጋራዥ ተተከለ። የባቡር ሰዎች ዲፖ የሚሉት ይህ ሞተርና ፉርጎ የሚያድርበት፣ የሚፈታበትና የሚገጠምበት ቦታ ከጣቢያ ይልቅ ብዙ ሰው ይፈልጋል። ጣቢያ ትኬት ቆራጭና ጥቂት ተቆጣጣሪ ይበቃዋል። ጋራዥ ብረት አቅላጭ፣ ቀጥቃጭ፣ በያጅ፣ መካኒክ፣ አናጺና የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይሰበስባል፤ ሥራውም በአንድ ወቅት አያልቅም። ሰው ለሥራ መጥቶ ይቀመጣል፤ አግብቶ ይወልዳል፤ ልጁን እዚያው ያስገባል። ከዛፍ ጥላ በታች ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የተዘረጋው የከዚራ ሰፈር የዚህ ውጤት ነው። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበር ከሶማሊኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከአማርኛና ከሐረሪ ጋር ፈረንሳይኛ የሚቀላቅል ሽማግሌ በድሬዳዋ ብርቅ አልነበረም።

መካከለኞቹ ከተሞች የተወለዱት በሌላ መንገድ ነው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ጠጪ ነው፤ በየተወሰነ ርቀት ቆሞ ካልሞላ አይሄድም። ውሃ የሚሞላበት ቦታ ጣቢያ ሆነ፤ በጣቢያው ዙሪያ ሻይ የሚያፈላ፣ እንቁላልና ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው ተሰበሰበ። በ1940ዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ሞተሮች ሲገቡ ውሃ መሙላት አላስፈለገም፤ ያኔ ግን ከተሞቹ ሥር ሰድደዋል። ይህ ዝርዝር ዛሬም ጠቃሚ ነው። ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ባቡር ለመቆም ምክንያት የለውም፤ ሰፈር የመትከል ጉልበቱም ያን ያህል ያንሳል።

የተቋረጠው የእጅ ውርስ

የድሮው መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አሥር ዓመት አይሞላም። ነገር ግን አንድ ትውልድ ሙያተኛ ያለ ተተኪ ጡረታ የወጣው በዚያ ክፍተት ነው።

ክፍተቱ ባይኖርም ውርሱ ቀላል አይሆንም ነበር። የመጀመሪያው ልዩነት ጌጅ ነው፤ ማለትም በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት። የድሮው 1 ሜትር ነበር፤ አዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ በዓለም በብዛት የሚሠራበትና «ስታንዳርድ ጌጅ» የሚባለውም እሱ ነው። በአንደኛው ላይ የሚሄድ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። ሁለተኛው ጉልበቱ ነው፤ ናፍጣ በኤሌክትሪክ ተተካ። ሦስተኛው ቋንቋና አሠራር ነው፤ የፈረንሳይኛ መመሪያ አንብቦ ያደገ መካኒክ ከቻይንኛና ከእንግሊዝኛ ሰነድ ጋር ተፋጠጠ። አዲሱን መስመር የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት አስተዳደሩት፤ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሠራተኞች እጅ ሙሉ በሙሉ የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው።

አራተኛው ልዩነት ብዙ አይወራለትም፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ዋናው እሱ ነው። አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ውጭ ናቸው። የአዲስ አበባው ጣቢያ ለገሃር ሳይሆን ፉሪ–ለቡ ነው። የድሬዳዋውም ከከተማው መሀል ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከከተማ ውጭ ያለ መሬት ካሳው አነስተኛ ነው፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ መሄድ ይችላል። ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው። ተሳፋሪ ወደ ጣቢያው ለመድረስ ሌላ ትራንስፖርት ይፈልጋል፤ ሠራተኛው በሰርቪስ መጥቶ በሰርቪስ ይመለሳል፤ ጡረታ ሲወጣ ከሐዲዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር አይኖርም። ከሃያ ዓመት በኋላ ፉሪ–ለቡ አጠገብ እንደ ከዚራ ያለ ሰፈር ይኖራል ብሎ መገመት ይከብዳል።

ከተማ ውስጥ የቀረው የድሮ ሐዲድ መሬት ደግሞ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ ዙሪያ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ኩባንያ ለሚካሄድ ሰፊ የግንባታ ፕሮጀክት ተመረጠ። ታሪካዊው ሕንፃ እንዲቆይ ተወስኗል። ሕንፃ ማቆየትና በዙሪያው የነበረውን ኅብረተሰብ ማቆየት ግን ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛው የማንም የሥራ ድርሻ ሆኖ አያውቅም።

ጡረተኞቹ ሲጠሩ

ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ዋጋው ትዝታ ብቻ ነው የሚል አስተያየት አለ። ይህን ለመመዘን ከአስመራ–ምጽዋ መስመር የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

መስመሩ ጣሊያኖች የሠሩት፣ ጌጁ 95 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ 118 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በአማካይ ብቻ ሲሰላ እንኳ ዳገቱ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። ጠባብ ጌጅ ስለታም ኩርባ መታጠፍ ስለሚችል ገደሉን እየታከከ ይወጣል፤ የሚሸከመው ጭነት ግን ትንሽ ነው። (ዓባይ በረሃን «እንደ አስመራው አድርጎ» መሻገር ይቻላል የሚሉ ሰዎች ይህን ሁለተኛ ክፍል ይዘሉታል።) በ1960ዎቹ መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት ቆመ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ለምሽግ ዋለ። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላ መንግሥት መስመሩን በራስ አቅም ለመጠገን ሲወስን የጠራው ጡረተኞቹን ነው። ሰባ ዓመት የተሻገሩ ሰዎች ተመልሰው የእንፋሎት ሞተር ፈቱ፣ ገጠሙ፣ ወጣቶችን አሠለጠኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ባቡሩ እንደገና አስመራ ደረሰ።

ከዚያ የመጡት የባቡር ወዳጆች ናቸው። ከአውሮፓ ገንዘብ ከፍለው፣ የ1930ዎቹን የእንፋሎት ሞተር በተራራ ላይ ሲያጤስ ለማየትና ፎቶ ለማንሳት የመጡ ሰዎች። እዚህ ላይ ሁለቱ ወገኖች፣ ጡረተኛውና ወዳጁ፣ አንዱ ለሌላው አስፈላጊ መሆናቸው ይታያል። ጡረተኛው ባያስነሳው የሚታይ ባቡር አይኖርም፤ ወዳጁ ባይመጣ ለጡረተኛው ሥራ የሚከፈል ገንዘብ አይገኝም።

በዌልስ ያለው የታሊሊን ባቡር ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሊዘጋ የነበረ ትንሽ መስመር በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ማስኬድ ጀመሩ፤ በዓለም በዚህ መልክ የዳነ የመጀመሪያው ባቡር ሆነ፤ ዛሬም ይሠራል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጊዜ የሚተርፈው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ጡረተኛ ነው።

ተቃራኒውም ሊታይ ይገባል። የአስመራው መስመር እንደገና ቢነሳም የአገሪቱን ጭነት የሚያመላልስ መሠረተ ልማት አልሆነም፤ በአብዛኛው ለጎብኚ የሚነሳ ባቡር ሆኖ ቀረ። የጡረተኛ እውቀት የድሮውን ነገር ያስነሳል እንጂ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር አያስተዳድርም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሐዲድ ሥራ ሁሉ ኮምፒውተር አይደለም። ክረምት ላይ ጎርፍ የትኛውን ሙሌት ሸርሽሮ እንደሚወስድ፣ ብረቱ በየትኛው ኩርባ ቶሎ እንደሚበላ፣ ባቡር ነጂው የት ላይ ቀድሞ ፍሬን መያዝ እንዳለበት ሰው መስመሩን በእግሩ እየሄደ የሚማረው ነገር ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል፤ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አደጋዎች አንዱ ነው። የኩርባና የፍጥነት እውቀት የትዝታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ በላይ ምሳሌ አያስፈልግም።

ኑሮው የሚቆመው በምን ላይ ነው?

በሐዲድ ዳር ተዝናንቶ መኖር መጀመሪያ መኖርን ይጠይቃል። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ለአሥር ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ከነበረ የጡረታ አበሉ 4,400 ብር ይሆናል።

ችግሩ ከቀመሩ ይልቅ ቀመሩ በሚቆምበት ጊዜ ላይ ነው። አበሉ የሚሰላው ሰውየው በወጣበት ዘመን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ የጤፍ ዋጋ ሲንቀሳቀስ አበሉ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ መንግሥት ማስተካከያ እስኪያደርግ ይጠብቃል። ስለዚህ ቀደም ብሎ የወጣ ሰው፣ ሙያው እኩል ሆኖም፣ ዘግይቶ ከወጣው ያንሳል። የድሮው ባቡር ሠራተኞች አብዛኞቹ ቀደም ብለው የወጡት ናቸው።

ይህን የሚያካክሰው ሦስት ነገር ነበር። አንደኛው ዝቅተኛ ኪራይ ያለው የድርጅት ወይም የቀበሌ ቤት ነው፤ የከተማ መሬት ሲፈለግ መጀመሪያ አደጋ ላይ የሚወድቀውም ይኸው ነው። ሌላው ልጆች ናቸው። ሦስተኛው አብሮ የሠራ ሰው ነው፤ ዕድርና ዕቁብ የሚጸናው ለሠላሳ ዓመት በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። ጋራዥ ያለበት ከተማ ይህን ሦስተኛውን በነፃ ይሰጣል። በሰርቪስ የሚመላለስ ሠራተኛ አያገኘውም።

ጎጃም ያለ ባቡር የሚያውቀው

ጎጃም የባቡር ሰፈር ባይኖረውም የሙያ ሰፈር አያጣም። ደብረ ማርቆስ የአውራ ጎዳና የጥገና ዲስትሪክት መቀመጫ ሆና ኖራለች፤ ግሬደር ነጂው፣ መካኒኩና የካምፕ ዘበኛው ከየአገሩ መጥተው እዚያው አርጅተዋል። በባሕር ዳር በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለከተማዋ ከሠራው ጨርቅ ይልቅ የተከለው ኅብረተሰብ ሊበልጥ ይችላል። የእነዚህ ሰፈሮች ዕጣ የሐዲድ ዳር ሰፈር ሊኖረው የሚችለውን ዕጣ በደንብ ያሳያል፤ ሥራው ሲደክም ሰፈሩ ይቆያል፤ የሙያው እውቀት ግን የሚረከበው ካላገኘ ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል።

ወዳጅነትን በማኅበር ማደራጀትስ ከየት ይመጣል የሚል ካለ መልሱ እንጅባራ ላይ አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረስ የዕለት መጓጓዣነቱ በመኪና ሲተካ አልፈረሰም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ከአዊ ወረዳዎች የሚመጡ ፈረሰኞችን ይሰበስባል፤ ከበዓሉ ውጭም አባላቱ በሐዘንና በደስታ የሚረዳዱበት፣ ጠብ የሚያበርዱበት ተቋም ነው። ለጥቅሙ ሲባል የተያዘ ነገር ጥቅሙ ሲቀንስ በፍቅርና በሥርዓት ሊያዝ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ ከዌልስ ማምጣት አያስፈልግም ነበር።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ማዳበሪያ ሳይደርስለት ወቅቱ ለሚያመልጠው ገበሬ ስለ ባቡር ሙዚየምና ስለ ጡረተኞች ሰፈር ማውራት ፌዝ ሊመስል ይችላል። የጎጃም በቆሎና ስንዴ ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያውም ከጅቡቲ ወደ ቡሬና ወደ ዳንግላ መድረስ ይቀድማል። ሌሎች ደግሞ ያው ገንዘብ የመኪና መንገዶችን ቢጠግን ይሻላል ይላሉ፤ መኪና ደጃፍ ድረስ ይደርሳል፤ ባቡር ግን ከጣቢያ በኋላ እንደገና መኪና ይፈልጋል። ሁለቱም ክርክሮች ባቡር መምጣት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ይመለከታሉ፤ በዚያ ላይ እኔም ቁርጥ ያለ አቋም የለኝም። ጣቢያውንና ጋራዡን ከሰው አጠገብ ማድረግ ግን የጭነቱን ሥራ አይቀንስም። ዋጋውን ይጨምራል፤ ምን ያህል የሚለው በቦታው ጥናት የሚለይ ነው።

አጠገብነትም የራሱ ጣጣ አለው። በአዲሱ የጅቡቲ መስመር ላይ ባቡር ከብትና ግመል ሲገጭ፣ የካሳ ጥያቄ ሲነሳና ጉዞ ሲስተጓጎል ዓመታት አልፈዋል። ከብት በልቅ በሚሰማራበት የአቸፈርና የሜጫ ሜዳ ይህ የሚቀር አይመስልም። ማለፊያ ድልድይና አጥር ያልታሰበበት ሐዲድ ከጎረቤቱ ጋር ገና ከጅምሩ ይጣላል።

ፍኖተ ሰላም ላይ መጠየቅ ያለበት

ካርታው ሳይለወጥ ከቆየ፣ ፍኖተ ሰላም የመስመር መጨረሻ ናት። የመስመር መጨረሻ መሆን በባቡር ሥራ ልዩ ትርጉም አለው። ባቡር የሚያድረው፣ የሚዞረውና የሚፈተሸው በአብዛኛው መጨረሻው ላይ ነው፤ ነጂው ፈረቃ የሚቀይረውም እዚያው ነው። ስለዚህ ቢያንስ አነስተኛ ጋራዥ የግድ ይላታል። ትልቁ ጋራዥ ባሕር ዳር ወይም ወረታ ቢሆን፣ ወረታ ደረቅ ወደብ ያላት በመሆኗ አያስገርምም። ይህ ምርጫ ለጎጃም የሥራ ጉዳይ ነው፤ በመቶ የሚቆጠር ሙያተኛ የት እንደሚኖር ይወስናል። አሁን ባለው ወሬ ውስጥ ግን አንድም ሰው ሲያነሳው አይሰማም፤ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ጣቢያ ነው።

ሌላው ጥያቄ የሥልጠና ነው። አዲሱ የጅቡቲ መስመር ወደ አገር ሠራተኞች እጅ የተላለፈው በቅርቡ ቢሆንም፣ የመጀመሪያዎቹ ነጂዎችና መካኒኮች ከአሁን ጀምሮ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ቆጥረው ጡረታ መውጣት ይጀምራሉ። በስታንዳርድ ጌጅና በኤሌክትሪክ ላይ ያደጉ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጡረተኞች እነሱ ይሆናሉ። የድሮዎቹ እውቀት ለጎጃም መስመር በቀጥታ አይውልም ነበር፤ የእነዚህኞቹ ይውላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ክፍሎች ሐዲድ እስኪነጠፍ ሳይጠብቁ ከእነዚህ ሠራተኞች ጋር ግንኙነት መጀመር ይችላሉ፤ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ብቸኛው የዚህ ፕሮጀክት ክፍልም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የጣቢያ ቦታ የሚወሰነው ደግሞ በአዋጭነት ጥናት ጊዜ ነው። ጥናቱ ሲጀመር የከተማው ማዘጋጃ ቤት የከተማ ዕቅዱን ይዞ ካልቀረበ፣ ቀያሹ ካሳው አነስተኛ የሆነበትን ሜዳ ይመርጣል፤ ለእሱ ትክክለኛው ምርጫ ያ ነውና። የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የእንጅባራ፣ የዳንግላና የመራዊ ማዘጋጃ ቤቶች በከተማ ዕቅዳቸው ላይ ለባቡር መተላለፊያና ለጋራዥ የሚሆን ቦታ ከአሁኑ ካልያዙ፣ በኋላ የሚቀርላቸው ጣቢያውን ከከተማው የሚያገናኝ የባጃጅ መስመር መፍቀድ ነው።